የስኳር ጣሳው ቋጠሮ

መርማሪው ሲደርስ አሮጊቷ አልጋቸው ላይ ተሸፍነው፣ ሐኪሙም «የአይጥ መርዝ ነው፤ ከጠዋቱ ሻይ ጋር የገባ» ብሎ እጁን እየታጠበ ነበር። ሻዩን ያፈላችው ተማሪ ሳሎን ውስጥ በሁለት ፖሊሶች መሐል ተቀምጣለች። ቋንቋ ልትማር ከሩቅ አገር መጥታ ከአሮጊቷ ቤተሰብ ጋር የምትኖር ልጅ ናት። ፖሊሶቹ ካቴናውን አዘጋጅተዋል።

መርማሪውን ባልደረቦቹ «ወንፊት» ይሉታል፤ ዱቄቱን አሳልፎ ጠጠሩን ያስቀራልና። ካቴናውን አስቀምጡ አለና ልጅቷን ይዞ ማእድ ቤት ገባ።

እዚያ ቤት ስም ያልተንጠለጠለበት ዕቃ አልነበረም። ከድስቱ እስከ መጥረጊያው እጀታ ድረስ ትንንሽ ወረቀት በክር ታስሮበታል።

«ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ። ክሩን እትዬ ሰጡኝ፣ እኔ ጽፌ አሰርኩ።»

«ታዲያ ስኳሩ የት እንደሚቀመጥ እስካሁን አታውቂም?»

«አይቻልም። እትዬ ማታ ማታ የጣሳዎቹን ቦታ ይቀያይራሉ። ‹ለምደሽ ሳይሆን አንብበሽ አግኚው› ይሉኛል። ሳገኘው ያጨበጭቡልኛል።» እንባዋ ቀደማት። «ዛሬ ስኳሩ ከወትሮው የደቀቀ መሰለኝ። ግን ወረቀቱ ስኳር ይላል፤ ወረቀቱን አመንኩ። እኔ ሻይ ያለ ስኳር ነው የምጠጣው።»

ጣሳዎቹ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። «ስኳር» የሚለው ወረቀት የተንጠለጠለው መርዙ ላይ ነው፤ «የአይጥ መርዝ» የሚለው ደግሞ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ካለው ስኳር ጋር ታስሯል። ወንፊት ሁለቱን ክሮች ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ብዙ ቆየ።

የሟች ወንድም፣ ጡረታ የወጡ ሹፌር፣ ክፍላቸውን ለተማሪዋ ለቀው ሶፋ ላይ የሚተኙ ናቸው።

«አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል! ራሷ ጻፈች፣ ራሷ አሳስታ ሰቀለች፤ ሌላ ምን አለው?»

«ጋሼ፣ ክፍልዎን መልቀቅዎ አላናደደዎትም?»

«እንዴት አያናድደኝ! ወገቤ እኮ አለቀ። ግን እህቴ ስትስቅ የሰማሁት ይቺ ልጅ ከመጣች ወዲህ ነው። ለሱ ስል መሬትም እተኛለሁ።»

«እርስዎ ስኳር ሲፈልጉስ?»

«ከፍቼ አያለሁ። ስኳር ጠፍቶኝ ነው ወረቀት የማነበው?»

የሟች ልጅ ልብስ ሰፊ ናት። ጓዳዋ ውስጥ ጥቁር ቀሚስ እያሳጠረች አገኛት፤ ቀና አላለችም።

«የእናትሽን ሻይ ሁልጊዜ ተማሪዋ ነበረች የምታፈላው?»

«ድሮ እኔ ነበርኩ። አሁን ሻዩም የሷ፣ ‹ልጄ› የሚለውም የሷ ሆነ።» ክሩን ቋጠረች። «ማንኪያን ማንኪያ ብላ ስታነብ ይጨበጨብላታል። እኔ በዚህ መርፌ ቤቱን ሳኖር ማን አጨበጨበልኝ?»

«ቀናሽባት?»

«በእንግዳ? ምን በወጣኝ!» አለችና የተረፈውን ክር ከሥሩ በጥርሷ በጠሰችው።

ወንፊት ያን አይቶ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበ። ሁለቱን ጣሳዎችና መጥረጊያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ተማሪዋ ያሰረችውን እዩ» አለ መጥረጊያውን እያሳየ። «እንደ ጫማ ክር ነው የምታስረው፤ ጫፉ ይንዘላዘላል። በቤቱ ያለው ሁሉ እንዲህ ነው። የነዚህ የሁለቱ ጣሳዎች ቋጠሮ ግን ጥብቅ ነው፤ ትርፉም ክር ከሥሩ በጥርስ ተበጥሷል። ስለዚህ ተማሪዋ አልተሳሳተችም። ሌላ ሰው ፈትቶ፣ አቀያይሮ፣ መልሶ አስሮታል።»

«ማን?» አሉ ሹፌሩ።

«ጋሼ፣ እናንተ ጣሳ ከፍታችሁ ታያላችሁ። ወረቀት አምኖ ማንኪያ የሚሰድ ሰው እዚህ ቤት አንድ ብቻ ነው። ቀያሪው ጥፋቱ በሷ እጅ እንዲፈጸም ነበር የፈለገው። ታዲያ በሷ የሚቀናው፣ ቢቸኩል እንኳ ክር አንዘላዝሎ መተው የማይሆንለት እጅ የማን ነው?»

ሁሉም ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞሩ።

«ልገድላት አልነበረም!» ብላ ጮኸች። «በእማዬ ሞት... መራራ እኮ ነው! አንዴ ፉት ብላ ትተፋዋለች፣ ትቆጣታለች፣ በዚያው ታባርራታለች ብዬ ነው። ስትጮህባት ልሰማ የስፌት መኪናዬን አቁሜ ጠበቅሁ።»

ወንፊት ወደ ተማሪዋ ዞረ። «ሲጠጡ ፊታቸው እንዴት ነበር?»

«ተጨማደደ። ‹መጥፎ ነው?› አልኳቸው። ‹ጥሩ ነው ልጄ› አሉኝና ጨረሱት።»

«እንዳታፍሪ ነው» አለ መርማሪው ቀስ ብሎ።

ሹፌሩ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ልብስ ሰፊዋ ግን ተማሪዋን ትክ ብላ እያየች ነበር፤ አሁንም በዓይኗ ውስጥ ያለው ቅናት ነው።

«የኔን ሻይ እኮ ትተፋው ነበር» አለች። «ስኳሩ ትንሽ ሲያንስ እንኳ ፊቴ ላይ ትተፋው ነበር።»