የአኮ ሞሚና ወቄት

ጠገራው ብር ከጊኒር ሲመጣ እንዲህ ነበር፦ ጠርዙ አጠገብ የተበሳ፣ ሁለቱም ፊቱ ተፍቆ የለሰለሰ፣ በቀዳዳው በኩል አምስት ዙር የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት። ሌንሳ በሦስተኛው ቀን ሽቦውን ፈታችው። ብሩን አስቀያሚ ያደረገው መስሏት ነው። አልጣለችውም ግን፤ የትምህርት ቤት ቦርሳዋ ዚፕ መጎተቻው ተሰብሮ ስለነበር በእሱ ተካችው።

አያቷ አኮ ሞሚና ጊኒር ገበያ አርባ ዓመት ከርቤ ሸጠዋል። ሚዛናቸው ሁለት ሳህን ነበረው፤ ባንዱ ይህን ብር፣ በሌላው ከርቤውን ያደርጋሉ። ብሩን ያህል የመዘነ ከርቤ አንድ ወቄት ይባላል። ብሩ ከቀለለ ገዢው ይጎዳል፤ ከከበደ ሻጩ። ሲሞቱ «ለሌንሳ ስጡልኝ» ብለው ተናዘዙ።

አሁን ብሩ ሮቤ፣ የትምህርት ቤቷ ላብራቶሪ ጠረጴዛ ላይ ነው። ነገ የታሪክ ክበቡ ዐውደ ርእይ አለ። ሌንሳ ከብሩ ሥር የሚቀመጠው ካርድ ላይ ምንነቱንና ክብደቱን መጻፍ አለባት።

«የምኒልክ ብር ነው» አለች ጓደኛዋ ሀይሚ፣ ብሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብላ። «አንበሳው ይኸው። ጅራቱ አይታይሽም?»

«ለጅራት በጣም ሰፋ።»

ሌንሳ ስስ ወረቀት አለበሰችውና በእርሳስ ጎን ቀስ ብላ አሸችው። ወረቀቱ ላይ ጅራት አልወጣም፤ ጎን ለጎን የተደረደሩ ላባዎች ወጡ። ገልብጣ ደገመችው። የሴት ትከሻ።

«ንስርና ሴትዮ ከሆነ ማርትሬዛ ነው» አሉ የፊዚክስ መምህራቸው ቲቸር ሚኪያስ፣ ወረቀቱን አይተው። «አዲስ ሳለ 28.1 ግራም ነው የሚመዝነው። በሉ መዝኑት።»

የሚዛኑ ቁጥር ተወዛውዞ ቆመ። 26.4። ሌንሳ ሦስት ጊዜ መዘነችው፤ ሦስቴም ያው።

ሀይሚ በስልኳ ቀነሰች። «አንድ ነጥብ ሰባት። በየወቄቱ ይህቺን ለራሳቸው ያስቀሩ ነበር ማለት ነዋ። አኮሽ ለካ አራዳ ነበሩ!»

ሌንሳ አልሳቀችም። ነገ ከጊኒር የሚመጡ ዘመዶች አሉ፤ ግማሾቹ ከአኮ ከርቤ የገዙ ናቸው።

ሀይሚ ፊቷን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በቃ 28 ብለሽ ጻፊው። ማን ይመዝነዋል?»

ሌንሳ እስክሪብቶ አነሳች። 2 ብላ ጻፈች። ቀጣዩን አኃዝ ሳትጽፍ ካርዱን ደብተሯ ውስጥ ከተተችው።

ቤት ስትደርስ አባቷ ረዲ ከሱቅ ገብቶ ጫማውን እያወለቀ ነበር።

«አባ፣ የአኮ ሚዛን ልክ ነበር?»

«ማን ምን አለሽ?»

«ማንም። እኔው መዝኜው ነው። ብሩ ይጎድላል።»

አባቷ ብሩን ተቀብሎ አገላበጠው። አውራ ጣቱ ቀዳዳው ላይ ሲደርስ ቆመ። «ሽቦው የታለ?»

«ሽቦው ምን ያደርጋል?»

«ኤጋ እንግዲህ፣ ብር በእጅ ሲነካካ ያልቃል፤ ይቀላል። እናቴ፣ አላህ ይርሀማት፣ በየዓመቱ ረመዳን ሊገባ ሲል አንጥረኛው ዘንድ ሄዳ ካልተነካ ብር ጋር ታስተያየው ነበር። ከጎደለ ሽቦ ትጨምርበታለች። ሚዛኑን የምይዝላት እኔ ነበርኩ።» ቀና ብሎ አያት። «ጣልሽው እንዴ?»

ሌንሳ ከበሩ ሥር ቦርሳዋን አመጣች። ሽቦው ዚፑ ላይ ነው። ላብራቶሪ ውስጥም፣ ሚዛኑ አጠገብ፣ እዚያው ተንጠልጥሎ ነበር።

በማግስቱ ሁለቱ ጓደኛሞች ከሁሉም ቀድመው ላብራቶሪ ገቡ። ሌንሳ አባቷ ያላትን ለሀይሚ እያወራች፣ የድሮውን እጥፋት ተከትላ ሽቦውን አምስት ዙር መለሰችው።

«እንዲህ ሲሆን አያምርም» አለች ሀይሚ። ቆየት ብላ፣ «የትናንቱን ቀልዴን ለአባትሽ ነገርሽው?»

«አልነገርኩትም።»

«እሰይ። እኔ ራሴ ነግሬው ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።»

ሌንሳ ካርዱን አወጣች። ትናንት ከጻፈችው 2 ቀጥላ 6.4 ጻፈች። ከሥሩ ጨመረች፦ «ይህ ብሩ ብቻውን ነው። ሽቦውን ሳላውቅ የፈታሁት እኔ ነኝ። ከሽቦው ጋር፦»

ብሩን ሚዛኑ ላይ አኖረችው። ቁጥሩ አዲስ ብር ከሚመዝነው አልፎ ቆመ።

28.3።