ሊገባ የሚሞክረው ማነው

ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ ልጆቼ፣ የአንዲት ልጅ ነገር ልንገራችሁ።

«ይህን ማን ሊያነበው ነው?» አለች አክስቷ፣ ጣቷን በስክሪኑ ላይ እየጎተተች። የአክስቷ ሥራ ዕቃ በሞተር ማድረስ ነው። ሞተረኞቿ በድምፅ የሚነጋገሩበት አፕ አላት። አፑ ውስጥ የገባውንም፣ ሊገባ ሞክሮ ያቃተውንም ኮምፒውተሩ ሎግ በሚሉት መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ታዲያ ጄሰን በሚሉት አጻጻፍ ነው፤ ስሙ፣ ቀኑ፣ ቅንፉ ሁሉ አንድ መስመር ላይ ተጠቅጥቆ።

«አንዱን አካውንት ሰው በተሳሳተ የይለፍ ቃል እየነካካው ነው። የቱ እንደሆነ ፈልጊና አካውንቱን አጥፊልኝ፣ የኔ ሊቅ።»

ልጅቱ የመፈለጊያውን ትእዛዝ ጻፈች። መስመሩ ተግተልትሎ መጣ። ከመሃሉ አንድ ስም ዓይኗ ውስጥ ገባ፤ የወንድሟ ስም። አጠገቡ የዛሬ ቀን።

ወንድሟ ከሞተ ዓመት አልፎታል።

የይለፍ ቃሉን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እሱ የአክስታቸው ሞተረኛ ሳለ፣ ሲነዳ ከኋላው ተቀምጣ የምትጽፍለት እሷ ነበረች። በድምፅ የላከው መልእክት ሁሉ እዚያ አካውንቱ ውስጥ እንዳለ ታውቃለች። መስማቱን ፈርታ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። አሁን ግን እሱ ራሱ በር ላይ ቆሞ «ክፈቺልኝ» የሚላት መሰላት።

«ምነው፣ ፊትሽ ዐመድ መሰለ?»

«ምንም። ቆይ፣ እንዲነበብ ላድርገው።»

አንድ ትእዛዝ ጨመረች። የተጠቀጠቀው ተፈታ፤ እያንዳንዱ ነገር በየራሱ መስመር፣ ገባ ገባ እያለ ተደረደረ። ውጤት፦ አልተሳካም። ስልክ፦ «እማምዬ»።

የእናታቸውን ስልክ እንዲያ ብሎ የሰየመው ወንድሟ ነበር። ከታች ሌላ ሙከራ፣ ከዚያም ሌላ፤ ሁሉም ከሰዓት በኋላ፣ እናቷ «ጋደም ልበል» ብላ በሯን በምትዘጋበት ሰዓት።

አክስቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እህቴ ናት እንዴ? እኔ ደግሞ ሌባ መስሎኝ። ባይሆን አካውንቱን ብናጠፋላት አይሻልም? እንዲህ እየነካካችው ቁስሉ መቼ ይድናል?»

የልጅቱ ጣት ማጥፊያው ላይ ነበር። ከዚያ አነሳችው።

«አክስቴ፣ ዛሬ በጊዜ ልሂድ?»

ቤት ስትደርስ የእናቷ በር ተዘግቷል። ቆመች። ከዚያ አንኳኳች።

«እማዬ፣ ስልኩን ስጪኝ። እኔ ልጻፍልሽ።»

ከዚያ ወዲያ የተሰማው የእነሱ ነው፣ ልጆቼ። ብቻ ያቺን ልጅ፣ እንደፈራች እዚያ በር ላይ ቆማ፣ አንዳንዴ አስቧት።