ያልተሳፈሩበት ጀልባ

ኢንስፔክተር ዙለይኻ ገደሉ ሥር ስትደርስ ጭሮ ገና ከጉም አልወጣችም ነበር። ሟቹ በሆዱ ተደፍቷል፤ ትልቅ የጉዞ ቦርሳ ጀርባው ላይ አለ። ሬሳውን ያገኘው ገበሬ፣ ሳቢር፣ ራቅ ብሎ ቆሟል።

«ጭቃው አንሸራቶት ነው ይላሉ። እውነቱን ረቢ፣ ፈጣሪያችን፣ ያውቃል» አላት።

ሟቹ ኢያኤል ይባላል፤ እንግዶችን ወደ ተራራ የሚመራ፣ ቀጭን ረጅም አስጎብኚ ነበር። ከሥራ ባልደረባው ከሄለን ጋር ለሥልጠና ፖርቱጋል ሄደው፣ ሥልጠናው ሲያልቅ ቦርሳቸውን አዝለው የባሕሩን ዳርቻ በእግር ዞረው በቅርቡ ነው የተመለሱት።

ዙለይኻ ተንበረከከች። ቦርሳው ጭረት እንኳ የለውም። ቀና አድርጋ ስታየው ግን ከሥሩ ያለው ጃኬት በድንጋይ ተቦጫጭቋል። የወገብ ማሰሪያው አልተቆለፈም፤ እስከ መጨረሻው ከመላላቱ የተነሳ ሟቹን ሁለት ጊዜ ሊዞር ምንም አልቀረውም። ተነሳች።

የኢያኤልን ጓደኛ ሞገስን ቢሮዋ አስጠራችው። እሱም አስጎብኚ ነው፤ እንደ ኢያኤል ሰንበሌጥ የመሰለ።

«ቦርሳው የእኔ ነው» አለ ሳይጠየቅ። «ለዚያው ጉዞ ነበር ያስመጣሁት። ቪዛ ሲከለክሉኝ ለእሱ አዋስኩት።»

«ቀናህበት?»

«ውሸት ምን ያደርግልኛል፣ ኢንስፔክተር። ቅዳሜ እኔን፣ ሄለንንና እጮኛዋን ህሩይን ቤቱ ምሳ ጠርቶን ስለ ባሕሩ ሲያወራ ጉርሻው አልወርድ ብሎኛል። ‹ከሄለን ጋር በጀልባ ደሴት ሄደን፣ ማዕበል ይዞን እዚያው አደርን› ሲልማ ህሩይም መብላቱን ተወ።»

«ሄለንስ?»

«አንገቷን ደፋች። ምንም አላለች።»

ዙለይኻ ባሕር አይታ አታውቅም። ያንን ማዕድ ስታስበው የቅናቱ ጭላንጭል እሷንም ነካ አደረጋት።

ህሩይን ከቡና መጋዘኑ በር ላይ አገኘችው። ወገበ ሰፊ፣ ደልዳላ ነጋዴ ነው።

«ኢያኤል ተራራ የወጣው ትናንት ጠዋት ነው። አንተ የት ነበርክ?»

«መቻራ ከተማ፣ ቡና ልረከብ። የመንገዱን ነገር ያውቁታል፣ ቀኑን ሙሉ ፈጀብኝ።»

«የደሴቱ ወሬ አላናደደህም?»

«ሰው ባሕር ቢያይ እኔን ምን ቸገረኝ?» አለ፤ ጥርሱን ግን ነክሶ ነበር።

ሄለን ለቅሶ ቤት ነበረች፤ ዓይኗ አብጧል።

«ስለ ጉዞው ንገሪኝ።»

«የሄድነው በብርዱ ወራት ነው፤ እንግዳ በማይመጣበት። ሆቴሉ ዝግ፣ ምግብ ቤቱ ዝግ። ዝናቡ ከጎን ነው የሚመታሽ። ኢያኤል ሸክሙ ትከሻውን ጎድቶት ነው የተመለሰው፤ ከዚያ ወዲህ ቦርሳ ሲይዝ ሰው ያግዘዋል።»

«ጀልባውስ?»

ሄለን ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ዙለይኻ አልደገመችም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሦስቱን በሟቹ ቤት ሰበሰበቻቸው። ቦርሳውን መሐል አኖረችው።

«ኢያኤል በጀርባው ድንጋይ ላይ ወድቋል። ጃኬቱ ሲተለተል ቦርሳው ግን አልተነካም። ስለዚህ ሲወድቅ ቦርሳው ጀርባው ላይ አልነበረም፤ ከሞተ በኋላ ነው፣ ብቻውን የወጣ እንዲመስል፣ በሆዱ ገልብጠው ያሸከሙት። ትከሻው ታሞ ነበርና ተራራውን ሲወጣ የያዘለት ሌላ ሰው ነው። ያ ሰው ማሰሪያውን በራሱ ልክ አላልቶታል፤ ሲያሸክመው መልሶ ማጥበቁን ዘነጋ። ተራ በተራ እዘሉት።»

ሞገስ አዘለው፤ ማሰሪያው ዳሌው ላይ አልቆም ብሎ ወረደ። ሄለን ላይም እንዲሁ ሆነ። ህሩይ ዘለበቱን ሲቆልፈው ልክክ አለ።

«ወፍራም ሰው በከተማው ሞልቷል» አለ።

«ሞልቷል። የኢያኤልን ሸክም ተቀብሎ ተራራ የሚወጣ ወዳጅ ግን ጥቂት ነው። መቻራም ጠይቄአለሁ፤ ቡናውን የተረከበው ወንድምህ ነው።»

ህሩይ እጁን ከዘለበቱ ላይ አወረደ።

«ልገድለው አልወጣሁም» አለ። «እውነት ነው ወይ ብዬ ልጠይቀው ነበር። ሳቀብኝ። ገፋሁት።»

«የሳቀው በራሱ ነው» አለች ሄለን። ድምጿ ከመሬት የሚወጣ ይመስል ነበር። «ጀልባ አልነበረም፣ ህሩይ። ጀልባዎቹ ሁሉ ሸራ ለብሰው አሸዋው ላይ ተገልብጠው ነበር፤ በዚያ ወቅት አይንቀሳቀሱም። ያን ሌሊት መናኸሪያ ውስጥ ወንበር ላይ ቁጭ ብለን ነው ያደርነው፤ ከጎናችን አንዲት አሮጊት ነበረች። እዚህ ሲመጣ ያንን ማውራት አፍሮ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ማዕዱ ላይ ተቀምጬ፣ በሰው ፊት ውሸታም ልበለው? ይሉኝታ ያዘኝ። ከዚያ እንደተለያየን ልነግርህ ደወልኩ። ስልክህን ዘግተኸው ነበር።»

ህሩይ ዘለበቱን ሊፈታ ሞክሮ አልሆነለትም። ዙለይኻ ጎንበስ ብላ ፈታችለትና ክንዱን ይዛ አስወጣችው። ሄለን ተከትላ እስከ ደጃፉ ሄደች፤ ከዓይኗ እስኪሰወሩም እዚያው ቆመች።