በኪስ የቀረው ማስነሻ

«ይኸው ስሞክር ሦስተኛዬ» አሉ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ማብሪያውን ተጭነው። ኮምፒውተሩ አጉረመረመ፤ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ያችው ነጭ ጽሑፍ ብቅ አለች፦ ማስነሻ አልተገኘም።

ኃላፊው ወደ ቀውላላው ልጅ ዞሩ። ቅድም ሲገባ የኤሌክትሪኩ ገመድ እግሩን ጠልፎት፣ ኮምፒውተሩ ድርግም ያለው ያኔ ነው።

«ጋሼ፣ ገመዱን እንጂ እሱን መች ነካሁት?»

«የሦስት ዓመት የመጻሕፍት ዝርዝር እኮ ነው እዚህ ውስጥ ያለው። ሁለተኛ እዚህ ቤት እግርህን እንዳላይ።»

ጓደኛው አጠገቡ ቆማለች። እጇ ኪሷ ውስጥ ፍላሽ ዲስኳን ጨብጧል።

ነገሩ የሆነው ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ኃላፊው በሌሉበት፣ ቀርፋፋውን ኮምፒውተር አፍጥኜ ላስደስታቸው ብላ፣ ከፍላሿ ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ከአሮጌው ጎን ጫነችበት። ማንንም አላስፈቀደችም። መጨረሻ ላይ ኮምፒውተሩ «ማስነሻው ፕሮግራም የት ይቀመጥ?» ብሎ ሲጠይቃትም፣ በችኮላ ሳታነብ እሺ ብላ አለፈች። ኮምፒውተሩ እንደ ሚዳቋ ዘሎ ሲነሳላት፣ ፍላሹን ነቅላ እየፈነደቀች ወደ ክፍል ሮጠች።

አሁን ገባት። ማስነሻው የተቀመጠው ፍላሹ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ምንም አልሆነም፤ እንደ ተቆለፈ ቤት ነው፣ ቁልፉ እሷ ኪስ ውስጥ ነው።

ቀውላላው ደብተሮቹን ሰብስቦ በአጠገቧ ሲያልፍ ሹክ አላት፦ «አንቺ ታውቂ የለ፣ እስቲ እይላቸው። ፈተናው ሰኞ ነው፤ እቤት እንደሆነ መንትዮቹ ታናናሾቼ ሲንጫጩ ስሜም ይጠፋብኛል።» ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁ ግን አልመጣለትም። ወጣ።

ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አለች።

«ጋሼ… ልሞክረው?»

ፍላሹን ሰካችና ማብሪያውን ተጫነች። ኮምፒውተሩ ተነሳ። የድሮውን ፋይል ፈልጋ ከፈተችላቸው፤ ዝርዝሩ አንድም ሳይጎድል ተደርድሯል።

ኃላፊው መነጽራቸውን አወለቁ። «እጅሽ ይባረክ፣ የኔ ልጅ። ያ ቀውላላ የገደለውን አንቺ አዳንሽው።»

ምርቃቱ እንደ ፍም አቃጠላት። አሜን ብላ መውጣት ትችል ነበር፤ ማን ያውቅባታል? በመስኮቱ ስታይ፣ ልጁ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል። ነፋሱ ገጹን እየገለበጠበት በክርኑ ይዞታል።

«ጋሼ፣ ምርቃቱ ይቆይ» አለች። «መጀመሪያ እሱን ልጥራው። የምነግርዎትን እሱም ይስማ።»

መልሳቸውን ሳትጠብቅ ወደ በሩ ሄደች።