ትርንጎ ጎርጎራ ስትመለስ

ድሬዳዋ ከተማ፣ ፀሐይ ገና በማለዳ በምትሞቅበት ሰፈር፣ ትርንጎ የምትባል ልጅ ነበረች።

ትርንጎ የተወለደችው ግን ድሬዳዋ አልነበረም። የተወለደችው ሩቅ፣ በጣም ሩቅ፣ ጣና ሐይቅ ዳር ነው። ቦታው ጎርጎራ ይባላል።

ገና ትንሽዬ ሳለች አባቷ ድሬዳዋ ሥራ አገኘ። እናቷ ትርንጎን አዘለች፣ አባቷ ዕቃውን ጫነ፣ ሄዱ።

ትርንጎ ድሬዳዋ አደገች። ጥርሷ ወለቀ። ትምህርት ቤት ገባች።

አንድ ማታ አባቷ እየሳቀ ወደ ቤት ገባ። «ፈቃድ ወጣልኝ! ለኅዳር ሚካኤል ጎርጎራ እንሄዳለን!»

«እሰይ!» አለች እናቷ። አጨበጨበች። ትርንጎም አጨበጨበች።

ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች። ጎርጎራን በሐሳቧ ልታያት ፈለገች። ግን ምንም አልታያትም።

«እማዬ፣ ጎርጎራ ምን ትመስላለች?»

«ውይ ልጄ! እዚያ የማያውቅሽ ሰው የለም እኮ። ሁሉም ‹ትርንጎ መቼ ነው የምትመጣው?› እያሉ ይጠይቁኛል።»

ትርንጎ አሰበች። ሁሉም ያውቋታል። እሷ ግን ማንንም አታውቅም። ባር ባር አላት።

አውቶቡሱ ጎህ ሲቀድ ተነሣ። «ፒፕ! ፒፕ!»

ትርንጎ ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ተኛች። ስትነቃ ግመሎች አየች። ረጅም አንገታቸውን ዘርግተው ግራር ይበሉ ነበር።

ተኛች። ስትነቃ ተራራ አየች።

መንገድ ላይ አደሩ። እንደገና ሄዱ። አውቶቡሱ ወደ ዓባይ ሸለቆ እየተጠማዘዘ ወረደ፣ ወረደ፣ ወረደ። የትርንጎ ጆሮ «ጧ!» አለ።

ተኛች። ስትነቃ ሜዳው ሁሉ ቢጫ ሆኗል!

«አባዬ፣ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?»

«የኑግ አበባ ነው» አለ አባቷ። «ትንሽ ብንዘገይ ኖሮ ይረግፍብን ነበር።»

ከኑጉ ማዶ ሰዎች ጎንበስ ብለው ጤፍ ያጭዳሉ። ቢጫው ሜዳ በመስኮቱ በኩል እንደ ውኃ ይፈስሳል። ትርንጎ ነቅታ ትየው፣ ተኝታ ትየው፣ እሷም አላወቀችም።

ጎርጎራ የደረሱት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው።

ሐይቁ ከፊታቸው ተዘርግቷል። ማዶው አይታይም። ውኃው ሰማዩን ይነካል።

«ይሄን ሐይቅ አውቀዋለሁ?» አለች ትርንጎ በልቧ። አላወቀችውም።

ያረፉት አጎቷ ጋሼ ይታይህ ቤት ነው። ገና ከመቀመጣቸው በሩ ተንኳኳ።

«ኳ! ኳ!»

ጎረቤታቸው እማማ ውዳላት ገቡ። በእጃቸው ትልቅ ቢጫ ፍሬ ይዘዋል። «ትርንጎ ለትርንጎ!» አሉና ሰጧት። ፍሬው ከሎሚ ይተልቃል፤ ሽታው ደስ ይላል።

«የኔ ዓለም! በዚህ ጀርባ ስንቴ አዝዬሻለሁ! አስታወስሽኝ?»

ትርንጎ አየቻቸው። ነጭ ፀጉር፣ ደግ ዓይን፣ ትንንሽ እጆች። ራሷን ነቀነቀች። «አላስታወስኩዎትም።»

እማማ ውዳላት ፈገግ ለማለት ሞከሩ። ግን ቅር አላቸው። ትርንጎ ታወቃት።

«ኳ! ኳ!»

ጋሼ ዳኘው ዓሣ አጥማጁ ገቡ። «ትርንጎ! ከመረቤ ዓሣ ትሰርቂኝ ነበር! አስታወስሽኝ?»

አሁን ትርንጎ ማንንም ቅር ማሰኘት አልፈለገችም። «አዎ!» አለች።

ጋሼ ዳኘው በደስታ ሳቁ። «ሃ ሃ ሃ! አየህ ይታይህ፣ አስታወሰችኝ!»

«ኳ! ኳ!» ሌላ ሰው መጣ።

«አስታወስሽኝ?»

«አዎ!»

«ኳ! ኳ!» ደግሞ ሌላ።

«አስታወስሽኝ?»

«አዎ!»

ሁሉም ደስ አላቸው። ትርንጎ ግን እያንዳንዱ «አዎ» እንደ ጠጠር ሆዷ ውስጥ ቁጭ አለባት።

በመጨረሻ አንዲት ልጅ በበሩ ብቅ አለች። ቁመቷ ትርንጎን ያህላል። ፀጉሯ ሹሩባ ነው።

«እኔ ደብሬ ነኝ። ጓደኛሽ ነበርኩ። አስታወስሽኝ?»

«አዎ!»

ደብሬ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «እሺ፣ ምን እንጫወት ነበር?»

ትርንጎ ጭንቅ አላት። «አሻንጉሊት?»

«አይደለም!»

«ድብብቆሽ?»

«አይደለም! ውሸታም! አላስታወስሽኝም!»

ደብሬ ዞራ ሮጠች። ጫማዋ «ጠብ! ጠብ! ጠብ!» እያለ ራቀ።

በማግስቱ ትርንጎ ለማስታወስ ቆረጠች።

እናቷ ድሮ የኖሩበትን ቤት አሳየቻት። አሁን ሌሎች ሰዎች ይኖሩበታል። ትርንጎ ግድግዳውን በእጇ ዳበሰች። ዓይኗን ጨፈነች።

«ትዝ በለኝ! ትዝ በለኝ!» አለች። ትዝ አላላትም።

ትልቁ ሾላ ሥር ሄደች። ግንዱን አቀፈችው። ጉንዳን እጇ ላይ ወጣ።

«ትዝ በለኝ! ትዝ በለኝ!» ትዝ አላላትም።

ወደ ሐይቁ ዳር ወረደች። ጠጠር አነሣችና አሸተተችው። የእርጥብ ድንጋይ ሽታ ብቻ ነው።

«ትዝ በለኝ! ትዝ በለኝ!»

ነፋስ ነፈሰ። ነጠላዋ ተርገበገበ። ከዚያ ሌላ ምንም የለም።

ትርንጎ ዳርቻው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ጋሼ ይታይህ ደንገል ተሸክመው ሲያልፉ አዩዋት። ደንገል እንደ ቄጠማ ውኃ ዳር የሚበቅል ረጅም ተክል ነው። ጋሼ ይታይህ በእሱ ታንኳ ይሠራሉ።

ለምን እንዳለቀሰች አልጠየቋትም። «ነገ በማለዳ በታንኳ ይዤሽ ልሂድ?» አሏት።

ትርንጎ እንባዋን ጠረገች። «እሺ» አለች።

በማለዳው ሐይቁ በጉም ተሸፍኖ ነበር። ውኃው አይታይም፣ ሰማዩ አይታይም። ሁሉም ነጭ ነው።

እናቷ ጋቢ ደራረበችላት። ጋሼ ይታይህ አቅፈው ታንኳው ላይ አስቀመጧት።

«ጭልቅ! ጭልቅ!» አለ መቅዘፊያው። ታንኳዋ ጉሙ ውስጥ ገባች።

ቤቶቹ ጠፉ። ሾላው ጠፋ። ትርንጎ ደመና ላይ የተቀመጠች መሰላት።

«ጭልቅ! ጭልቅ!»

ከጉሙ ውስጥ ነጫጭ ትልልቅ ወፎች ብቅ አሉ። ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ በአጠገባቸው ተንሳፍፈው አለፉ። እንደ ሕልም።

ትርንጎ እጇን ወደ ውኃው ሰደደች። ውኃው በጣቶቿ መካከል ሾለከ። ቀዝቃዛ ነው። ለስላሳ ነው።

«ጋሼ» አለች በቀስታ።

«ወይ ልጄ?»

«እኔ... ማንንም አላስታውስም። ‹አዎ› ያልኩት ዋሽቼ ነው። ይቆጡኛል?»

ጋሼ ይታይህ መቅዘፋቸውን ተዉ። ታንኳዋ ቆመች። ሁሉ ነገር ጸጥ አለ።

«ለምን እቆጣሻለሁ?» አሉ። «ከዚህ ስትሄጂ ይህችን ታህል ነበርሽ። ገና ‹ታንኳ› ማለት አትችዪም ነበር። ‹ታታ› ነበር የምትዪው።»

«ታታ?» ትርንጎ ሳቀች።

«አዎ፣ ታታ። ያን ጊዜ የነበረውን እኛ እናስታውስልሻለን። አንቺ ጠይቂን። መንገር እንደሆነ እንወዳለን፤ እንዲያውም ዝም በሉ እስክትዪን ድረስ እንነግርሻለን።»

«እሺ፣ ይንገሩኝ!»

ጋሼ ይታይህ ነገሯት። ስትወለድ ደጃፋቸው ያለው ትርንጎ አፍርቶ፣ ቅርንጫፉ እስኪጎነበስ ድረስ ከብዶት ነበር። ስሟን ከዚያ ወሰዱት። ታንኳ ላይ ሲያስቀምጧት ደግሞ ሁልጊዜ እጇን ውኃ ውስጥ ትነክር ነበር።

«ልክ አሁን እንዳደረግሽው» አሉ።

ትርንጎ እጇን አየች። አሁንም ውኃው ውስጥ ነው።

ዓይኗን ጨፈነች። ቢጫ ፍሬ ያጎነበሰው ቅርንጫፍ ታያት። ትንሽዬ እጅ ታየቻት። ትዝታ ይሁን፣ ሕልም ይሁን፣ አጎቷ የነገሯት ይሁን አላወቀችም። ግን ደስ ይል ነበር።

ጉሙ ቀስ እያለ ተነሣ። ሐይቁ ሰማያዊ ሆነ። ከዳርቻው ከበሮ ተሰማ።

«ድም! ድም! ድም!»

«ሚካኤል ነው» አሉ ጋሼ ይታይህ። «እንመለስ፣ እንዳንዘገይ!»

ጎርጎራ ሁሉ ነጭ ለብሶ ወጥቷል። ከበሮው ይመታል፤ ሴቶቹ «እልልልል!» ይላሉ።

ትርንጎ እማማ ውዳላትን ከዛፍ ጥላ ሥር አገኘቻቸው። ቀሚሳቸውን ያዝ አደረገች።

«እማማ፣ እኔ አላስታውስዎትም። ሲያዝሉኝ ግን ምን ይሉኝ እንደነበር ይንገሩኝ?»

የእማማ ውዳላት ፊት ፍክት አለ። «በሞትኩት! ነዪ ተቀመጪ!» አሏት። እስኪደክማቸው አወሩላት። እሹሩሩ ሲሏት ፀጉራቸውን ትጎትት ነበር አሉ።

ከዚያ ትርንጎ ደብሬን ፈለገቻት። ደብሬ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ሸንኮራ ታላምጣለች። ትርንጎን ስታይ ፊቷን አዞረች።

ትርንጎ ደነገጠች። ግን አልሄደችም።

«ደብሬ፣ አላስታወስኩሽም። ዋሸሁሽ። ይቅርታ።»

ደብሬ ሸንኮራዋን ማላመጥ አቆመች። መሬት መሬት አየች። በጫማዋ አቧራውን ጫር ጫር አደረገች።

«እኔም...» አለች።

«አንቺም ምን?»

«እኔም አላስታውስሽም» አለች ደብሬ በሹክሹክታ። «ጓደኛዬ እንደነበርሽ እናቴ ናት የነገረችኝ።»

ትርንጎ ደብሬን አየቻት። ደብሬ ትርንጎን አየቻት።

መጀመሪያ ደብሬ «ክክክ!» አለች። ከዚያ ትርንጎ «ክክክ!» አለች። ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። የትርንጎ ሆድ እንደ ላባ ቀለላት።

«ታዲያ ምን እንጫወት ነበር?» አለች ትርንጎ።

«ጭቃ ጠፍጥፈን ለዳክዬ እናቀርብ ነበር አሉ። ዳክዬው እምቢ ሲል እናለቅስ ነበር።»

«እንሞክረው?»

«ቀሚሴ አዲስ ነው እኮ!» አለች ደብሬ። ትንሽ አሰበች። «ግን እጅጌውን እሰበስበዋለሁ።»

ወደ ሐይቁ ዳር ሮጡ። ጭቃ ጠፈጠፉ። ክብ፣ ክብ፣ ትንንሽ ክብ።

አንድ ወፍራም ዳክዬ እየተንገዋለለ መጣ። ጭቃውን አየ። አንገቱን ዘንበል አደረገ።

«ብላ! ብላ!» አሉት ሁለቱም።

«ቋ! ቋ! ቋ!» አለ ዳክዬው። ጀርባውን ሰጥቷቸው ሄደ።

እነሱ ግን አላለቀሱም። ጭቃው ላይ እስኪቀመጡ ድረስ ሳቁ።

ማታ ደብሬ እናቷን አስፈቅዳ እነ ትርንጎ ዘንድ አደረች። የሁለቱም እግር ታጠበ። አንድ አልጋ ላይ፣ አንድ ጋቢ ውስጥ ገቡ።

በመስኮቱ ጨረቃ ትታያለች። ሐይቁ ላይ የብር መንገድ ዘርግታለች።

«ድሬዳዋ ሐይቅ አለ?» አለች ደብሬ።

«የለም። ግመል ግን አለ።»

«ግመል! ንገሪኝ!»

ትርንጎ ነገረቻት። ስለ ረጅሙ አንገት፣ ስለ ትልቁ ከንፈር፣ ሲያመነዥክ አፉ ወዲህና ወዲያ ስለመሄዱ።

«አንድ ቀን መጥተሽ ታዪዋለሽ» አለች። «ለግመሉም ጭቃ እንሰጠዋለን። እሺ ደብሬ?»

ደብሬ አፏን ትንሽ ከፍታ ተኝታለች።

ትርንጎ ጋቢውን ቀስ አድርጋ ወደ ላይ ሳበች። የደብሬን ትከሻ ሸፈነች።

ከዚያ ጠጋ ብላ፣ ፊቷን ወደ ጓደኛዋ አዙራ፣ እሷም ተኛች።