ከቁጥቧ ሆድ የተቀዳ

«ዛሬ ማንም አይነካትም!» ልጅቷ በረቱ በር ላይ እጆቿን ዘርግታ ቆመች።

ፊት ለፊቷ የእንስሳት ሐኪሟና የጎረቤት ልጅ ቆመዋል። ልጁን በክፍል «ፕሮፌሰር» ይሉታል። እሱና ልጅቷ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር የሳይንስ ክበብ ውድድር ውስጥ ናቸው፤ እኩል መኖ በልታ ብዙ ወተት የምትሰጠው የማን ላም ናት? የመጨረሻው ልኬት ዛሬ ማታ ነው። ያሸነፈ ዕረፍቱን በእንስሳት ምርምር ጣቢያ ያሳልፋል። የልጅቷ ላም ቁጥቧ በጥቂቱ እየመራች ነው። አያቷ «ይቺ እንኳን በልታ፣ ሳር አይታም ትታለባለች» እያሉ ያስቋታል።

ፕሮፌሰር ግን ትናንት ለመቅደም ጓጉቶ ለላሙ የበቆሎ ዱቄት ያለ ልክ ሰጣት። ሆዷ ተነፋ። ሐኪሟ ደርሳ ብታተርፋትም ዛሬም አታመሰኳም።

«መኖውን የሚያብላሉላት የሆዷ ተሕዋስያን አልቀዋል» አለች ሐኪሟ። «የቁጥቧም ጉብዝና ግማሹ የነሱ ነው። ከሆዷ ትንሽ ፈሳሽ በቱቦ ቀድቼ ለዚያችኛዋ ልስጣት።»

«ዶክተር፣ የኔዋስ?»

«አትጎዳም፤ ተሕዋስያኑ ቶሎ ይተካሉ። ግን ስለምትረበሽ የዛሬ ወተቷ ሊቀንስ ይችላል።»

ልጅቷ ወደ ፕሮፌሰር ዞረች። «ያጭበረበርከው አንተ፣ የምሸነፈው እኔ! ጉድ እኮ ነው!»

«እውነትሽን ነው። እኔ ከውድድሩ ወጥቻለሁ፤ ለቲቸርም ነግሬዋለሁ» አለ። ዓይኖቹ ቀልተዋል። «እሷ ብቻ ትዳንልኝ።»

አንጀቷን በላት። ንዴቷ ግን አልለቀቃትም።

«አባባ፣ ምን ላድርግ?»

አያቷ ፍግ መዛቃቸውን አላቋረጡም። «ላሟ ያንቺ፣ ነገሩም ያንቺ። እኔ ፍጉን ይዣለሁ፤ እሱን የሚሻማኝ የለም።»

ሳታስበው ሳቀች። ቁጥቧ ከኋላዋ ዓይኗን ጨፍና ቀስ እያለች ታመሰኳለች። ጎረቤት ያለችው ደግሞ ከትናንት ጀምሮ መንጋጋዋን አላንቀሳቀሰችም።

ልጅቷ ከበሩ ዞር አለች።

«ፕሮፌሰር፣ ገመዷን ያዝ። አንገቷ ሥር እከክላት፣ ትወዳለች።»

ቱቦው በአፏ ሲገባ ቁጥቧ ትንሽ ተወራጭታ ተረጋጋች። ባልዲው ውስጥ አረንጓዴ ፈሳሽ ተንዶቀዶቀ፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል።

«ከቀዘቀዘ ተሕዋስያኑ ይሞታሉ» አለች ሐኪሟ። «ቶሎ እንድረስ።»

ፕሮፌሰር የሚሸፍንበት ነገር ፍለጋ ዙሪያውን ቃኘ። ልጅቷ ግን ሹራቧን አውልቃ ባልዲውን ጠቀለለችበትና፣ አንዲት ጠብታ እንኳ ላለማፍሰስ እየተጠነቀቀች፣ ቀድማቸው ወደ ጎረቤት በረት ሄደች።