ብስኩት የሚሸትበት ቤት

ሚስስ ኮኒ አርደሪ በጠራራ ፀሐይ የሌሊት ልብስ ለብሰው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው፣ አልጋቸው ላይ ሞተዋል። አንሶላው ተወጥሯል፣ ፀጉራቸው ተበጥሯል፣ ፊታቸው ታጥቧል። በአምቡላንስ የመጡት ባለሙያዎች የሟቿ ጉሮሮ ውስጥ ብስኩት በማግኘታቸው ነበር የካውንቲውን የአሟሟት መርማሪ ማርቫ ስቴንሩድን የጠሯት። ማርቫ በሩ ላይ ቆማ አየር ሳበችና ፊቷን አጨማደደች። ብራምዌል የተባለው ይህ የመርሳት ሕሙማን መኖሪያ ቅቤና ቫኒላ ይሸታል። ከሥሩ ግን ወለሉ ውስጥ የሰረገ የከረመ የሽንት ሽታ አለ።

«ልብ የሚሰብር ነገር ነው» አለች ሥራ አስኪያጇ ሜሪዲዝ ፕራት፤ ልብሷ ላይ አንድ መጨማደድ እንኳን አይታይም። «ሚስተር ኦርቪል እኮ ክፉ ሰው አይደሉም። እሳቸውም ታማሚ ናቸው። ብስኩት በኪሳቸው ይዘው እዚህ ክፍል ድረስ መጥተው አጎረሷቸው። ኪሳቸው ውስጥ ፍርፋሪ ተገኝቷል።»

«ማን አገኘው?»

«እኔ ራሴ።»

«ሲያጎርሱ ያየ ሰው አለ?»

«የለም። ግን ሌላ ማን እንዲህ ያደርጋል? ከእንግዲህ እዚህ ልናቆያቸው አንችልም። ከተማ ካለ ዝግ የአእምሮ ሕሙማን ክፍል ቦታ አግኝተንላቸዋል። መኪናው ሳይመሽ ይመጣል።»

«ፈጠን ብላችኋል።»

«ለደኅንነት ነዋ!»

ማርቫ ጎንበስ ብላ የሟቿን ከንፈር በጓንት ጣቷ ገለጥ አደረገች። ከንፈራቸው ላይ ቀለም የለም፤ በደንብ ተጠርጓል። የፊት ጥርሳቸው ላይ ግን የቀይ ሊፒስቲክ ጭረት ቀርቷል። ለቀን እንቅልፍ ሊፒስቲክ የሚቀባ ሰው ገጥሟት አያውቅም። ቀና አለች።

ከክፍሉ ሲወጡ የኮሪደሩ አፍ ላይ ጥቁር ምንጣፍ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተዘርግቷል። ማርቫ ቆም ብላ አየችው። ሜሪዲዝ ፈገግ አለች።

«ይሄ የኔ ሐሳብ ነው። የመርሳት ሕመም የያዛቸው ሰዎች ጥቁር ወለል ጉድጓድ ይመስላቸዋል፤ አይረግጡትም። ቁልፍ የለ፣ ጭቅጭቅ የለ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ከጠዋት ጀምሮ እናነጥፈዋለን፤ ወደ መኝታ ክፍሎቹ እየተንከራተቱ እንዳያስቸግሩ።»

«የሚሻገር የለም?»

«አንድም! ምሳቸውን ከወዲያ ማዶ ቢያስቀምጡላቸው እንኳን ተርበው ይቆማሉ እንጂ አይሻገሩም» ብላ ሳቀች።

ማርቫ አልሳቀችም። ከብት እንኳን በሽቦ ነው የሚታጠረው፤ ሰውን በገዛ ፍርሃቱ አጥሮ መሳቅ ምን ይባላል? «ዛሬ እንግዳው ማን ነበር?» አለች።

«ሚስተር ፌንዊክ። ለአረጋውያን ቤቶች ደረጃ የሚያወጣ ድርጅት ነው የላካቸው። አምስት ኮከብ ሰጡን!» አለች ሜሪዲዝ። ሬሳው ከኋላዋ መሆኑን ረስታ ፊቷ በራ።

ሚስተር ኦርቪል ሄግስታድ ሳሎኑ ጥግ ተቀምጠው በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ። ዕድሜያቸውን በሙሉ የወረዳውን መንገድ ከበረዶ ሲጠርጉ የኖሩ ግዙፍ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው አርዲስ ክንዳቸውን ይዘው ከጎናቸው ተቀምጠዋል። ማርቫን ሲያዩ ብድግ አሉ።

«ማርቫ፣ አንቺ ነሽ የመጣሽው? እሰይ! ስሚኝ እስቲ። እኔ ዓይኔ ስለደከመ መኪና አልነዳም። ቤቴ ከመንገዱ ማዶ ነው፤ በየቀኑ በእግሬ ተሻግሬ አብሬው ምሳ እበላለሁ። ከተማ ከወሰዱት አለቀ። እኔ አልደርስበት፣ እሱ ደግሞ ሳምንት ካላየኝ ይረሳኛል። አሁን እንኳን የሚያውቀኝ ስለማልጠፋ ነው።»

«እሳቸው ሰው ገደሉ እየተባለ ነው፤ ያውቃሉ?»

«ኦርቪል? በሃምሳ ዓመት ትዳር ዝንብ ሲገድል አላየሁትም። ዝንቡን የምገድለው እኔ ነኝ!»

«በረዶው ገና አልተጠረገም» አሉ ሚስተር ኦርቪል፤ ውጭ ግን የሐምሌ ፀሐይ ነበር።

«ይጠረጋል፣ የኔ ጌታ» አሉ አርዲስ፤ ከዚያ ወደ ማርቫ ዞሩ። «ዛሬ ደግሞ እንግዳ አለ ብለው እስኪወጣ ከለከሉኝ። ስገባ ጠረጴዛው ሁሉ የሠርግ ቤት መስሏል፤ ናፕኪኑ ነጭ በነጭ።»

«ሌላ ጊዜስ?»

«ሌላ ጊዜማ መዋጥ ለሚቸግራቸው ቢጫ ነው የሚታሰረው። ቢጫ ያሰረ ሰው የተፈጨ ምግብ እንጂ ደረቅ ነገር አይቀርብለትም። ኮኒም ቢጫ ታስር ነበር። እዚህ ውሎ የማያጎርስ ሰው ቢጫውን ካላየ ማንን ከማን ይለያል?»

«ብስኩቱን ማን ነው የሚበላው ታዲያ?»

«ማንም! ለሽታው ነው የሚጋገረው። እንግዳ ሲመጣ ይጋገራል፣ ሲሄድ ይደፋል። አንድ ቀን ለኦርቪል አንዲት ፍሬ ብለምን ‹ለእይታ ነው› አሉኝ። ለእይታ! እኛም ለእይታ ነው መሰለኝ ያለነው።»

ወሬው መሃል ሚስተር ኦርቪል ተነሡና ወደ ኮሪደሩ አቀኑ። ሽንት ቤቱ መኝታ ክፍላቸው ውስጥ ነው። ጥቁሩ ምንጣፍ ጋ ሲደርሱ ግን ቀጥ አሉ። አንድ እግራቸውን ዘርግተው በጣታቸው ጫፍ ሞከሩ፤ ደንግጠው መለሱት። ግድግዳውን ሙጭጭ አድርገው ያዙ። ማርቫ ሮጣ ከመድረሷ በፊት ሱሪያቸው ረጠበ። ሽንቱ በጫማቸው ላይ ወርዶ ወለሉ ላይ ተንጣለለ። ትልቁ ሰውዬ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ።

ማርቫ ምንጣፉን በእግሯ ጠልዛ ጥግ አስያዘችው። አርዲስ እያባበሉ ባለቤታቸውን ወደ ክፍላቸው ወሰዷቸው። ነርሱ ቶድ ዋይኮፍ መወልወያ ይዞ መጣ፤ ትከሻው የጎበጠ ወጣት ነው።

«ሁሌ እዚሁ ነው የሚያመልጣቸው» አለ ቀና ሳይል። «ምንጣፉ በተነጠፈ ቀን ሁሉ።»

«ይሄን እያወቅህ ታነጥፋለህ?»

መወልወያውን ባልዲው ውስጥ ነከረ።

«ሚስስ ኮኒን አንተ ነህ የምታጎርሳቸው?»

«ከመጡ ጀምሮ። የተፈጨ ሙዝ ይወዱ ነበር። በማንኪያ ጫፍ ትንሽ፣ ከዚያ መዋጣቸውን ጉሮሯቸው ላይ እያየሁ…»

«ዛሬስ ማን አጎረሳቸው?»

«ሚስተር ኦርቪል ናቸው ተብሏል።»

«የተባለውን ሰምቻለሁ። አንተ ምን ትላለህ?»

ቶድ ወደ ሥራ አስኪያጇ ቢሮ ሰረቅ አድርጎ አየና መወልወያውን ጨመቀ። «እኔ ልጆች አሉኝ» አለ።

ማርቫ ስልኳን አውጥታ ሁለት ሰዎች አስጠራች፤ አንዱ ምክትል ሸሪፉ፣ ሌላው ሆቴል ውስጥ ሻንጣውን ሊዘጋ የነበረው እንግዳ።

የተሰበሰቡት ብስኩት በሚጋገርበት፣ እንግዳ በሚቀመጥበት ያማረ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ሜሪዲዝ ከጠረጴዛው ራስ ተቀመጠች። ቶድ ግድግዳ ተደገፈ። አርዲስ ልብስ የቀየሩትን ባለቤታቸውን ይዘው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ደረጃ መዳቢው ሚስተር ፌንዊክ ለምን እንደተጠራ ሳይነገረው መጥቶ ሰዓቱን ያያል። ምክትል ሸሪፉ በሩን ዘግቶ ቆመ። ውጭ ሚስተር ኦርቪልን የሚወስደው መኪና ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቃል።

«ሚስስ ኮኒ በብስኩት ታንቀው ሞተዋል» አለች ማርቫ። «ሚስተር ኦርቪል ናቸው ተባለ። እሳቸው ደግሞ አላደረግሁም ብለው የሚከራከሩበት ትዝታ የላቸውም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። ሚስስ ፕራት፣ ምንጣፉን የሚሻገር አንድም ሰው የለም ብለውኛል። ታዲያ እሳቸው እንዴት ሚስስ ኮኒ ክፍል ገቡ?»

ሜሪዲዝ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። «ምናልባት… በዚያ ሰዓት ተነሥቶ ይሆናል» አለች።

«ኧረ አልተነሣም!» አለ ፌንዊክ፤ የሚረዳት መስሎት። «ስገባም ስወጣም ነበር። እንዲያውም በደኅንነት በኩል ሙሉ ነጥብ የሰጠሁት በሱ ነው።»

«አመሰግናለሁ» አለች ማርቫ። «እንግዲህ ሚስተር ኦርቪል ከጥርጣሬ ወጡ። ሁለተኛው ነገር፣ ሟቿ ጥርስ ላይ ሊፒስቲክ አለ። ሰው የሚቀባባው ሌላ ሰው እንዲያየው ነው። ዛሬ እንዲታዩ የተፈለገው ለማን ነው? ለእንግዳ። ስለዚህ ሚስስ ኮኒ አልጋቸው ላይ አልነበሩም፤ እዚህ ጠረጴዛ አጠገብ ነበሩ። ከንፈራቸውን ጠርጎ፣ የሌሊት ልብስ አልብሶ ያስተኛቸው ሰው ይሄን ሊሰውርብን ፈልጓል። አሁን የቀረው ማን አጎረሳቸው የሚለው ነው።»

ወደ ቶድ ዞረች። «አንተ አይደለህም። የምታጎርሳቸውን ሰው ጉሮሮ ታውቃለህ። አርዲስ ከቤቱ ተከልክለው ነበር። ያጎረሰው ሰው ሚስስ ኮኒ መዋጥ እንደማይችሉ አላወቀም። ሌላ ቀን ቢሆን ቢጫው ናፕኪን ይነግረው ነበር። ዛሬ ግን ቢጫው ሆስፒታል ስለሚያስመስል ነጭ ተደርጓል። ዛሬ እዚህ ቤት ውስጥ ቢጫውን ናፕኪን ካላዩ ማንን ከማን የማይለዩ ሁለት ሰዎች ናቸው የነበሩት፤ እንግዳውና ሥራ አስኪያጇ።»

«እኔ?» አለ ፌንዊክ ብድግ ብሎ።

«ይቀመጡ። እንግዳ የሌሊት ልብስ የት እንደሚቀመጥ አያውቅም፤ የኦርቪል ኪስ ውስጥም ፍርፋሪ አይጨምርም። ቶድም ለእንግዳ ብሎ አይዋሽም። የሚዋሸው እንጀራውን ለያዘችው ሴት ነው። አሁን ያዩትን ይናገሩ።»

ፌንዊክ ላቡን ጠረገ። «ቀይ ቀሚስ የለበሱ ሴትዮ ነበሩ፤ እዚሁ። ሚስስ ፕራት ‹ነዋሪዎቻችን ትኩስ ብስኩት ይወዳሉ› ብላ በእጇ ሰጠቻቸው። ትንሽ አሳላቸው። ‹ደከማቸው› ብላ በዊልቸር ወሰደቻቸው። ከዚያ ተመልሳ… ሻይ ቀዳችልኝ።»

«ሻይ!» አሉ አርዲስ።

«ቶድ» አለች ማርቫ በቀስታ። «ሥራ አስኪያጇ ስትጠራህ ሚስስ ኮኒ ሞተው ነበር?»

ቶድ ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ። «አልሞቱም። እጄን ያዙኝ። ጀርባቸውን መታሁ፣ አልወጣም። አምቡላንስ ልጥራ አልኳት። ‹ሳይረን እንዲሰማ ነው የምትፈልገው? መጀመሪያ እንግዳው ይውጣ› አለችኝ። እኔም… ጠበቅኩ።» ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ማርቫ ሄዳ መስኮቱን ከፈተች፤ ምድጃው አሁንም ቅቤ ይሸታል።

«ሆን ብዬ አይደለም!» አለች ሜሪዲዝ። «ናፕኪኑ ቢጫ ቢሆን ኖሮ አልሰጣቸውም ነበር! ደግሞስ ቤቱ ስሙ ከጠፋ እነዚህ ሰዎች የት ይሄዳሉ? ለነሱው ብዬ ነው!»

እስካሁን እርስዎ ስትላት የነበረችው ማርቫ አክብሮቷን አነሣች። «ብስኩቱን በስሕተት ሰጠሽ፤ ልክ ነሽ። አምቡላንሱን የከለከልሽው ግን አውቀሽ ነው። ፍርፋሪውን በእኚህ ሰው ኪስ ውስጥ የጨመርሽውም አውቀሽ ነው። የሚረሳ ሰው መርጠሽ ነው የከሰስሽው። አስጠይፈሽኛል፤ ተነሺ።»

ምክትል ሸሪፉ ሜሪዲዝን ይዞ ወጣ፤ ቶድ ሳይጠራ ተከተላቸው። የውጭው መኪና ባዶውን ተመለሰ። ፌንዊክ ሻንጣውን ታቅፎ፣ «እንዴት ላውቅ እችላለሁ? ሁሉም ነገር ንጹሕ ነበር» አለ።

«ብስኩቱ ጣፈጠህ?» አሉት አርዲስ።

ፌንዊክ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ማርቫ ሚስተር ኦርቪል እፎይ ይላሉ ብላ ጠብቃ ነበር። ሰውዬው ግን ቀኑን ሙሉ በጣት ሲጠቆምባቸው፣ በስማቸው ሲንሾካሾኩ፣ ፊት ሲነሷቸው ውለዋል። የተባለውን ሁሉ ረስተውታል። ጭንቀቱ ግን አልለቀቃቸውም፤ ምክንያቱ ጠፍቶባቸው እሱ ብቻ ቀርቷል። የሚስታቸውን እጅ ጨብጠው፣ «አርዲስ፣ ምን አጠፋሁ?» አሉ።

«ምንም አላጠፋህም።»

«ሰው ሁሉ ተቆጥቶኛል።»

«ማንም አልተቆጣህም። ነገ ከእኔ ጋር ቤታችን ትገባለህ፤ እንደምንም እንኖራለን።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ትንሽ ቆዩና፣ «ምን አጠፋሁ?» አሉ። አርዲስ መለሱላቸው። እንደገና ጠየቁ፣ እንደገና መለሱላቸው። በመጨረሻ የአርዲስ ድምፅ ደከመ፤ ከንፈራቸውን ነክሰው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ማርቫ ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ ወንበር ሳበች። ሚስተር ኦርቪል ደግመው ሲጠይቁ እሷ መለሰች፦ «ምንም አላጠፉም፣ አባቴ።»